ለስላሳው ጎማ

«አሮጌው ጎማማ አልቆለታል» አለች የጎሚስታው ሚስት። «መያዝ አቅቶታል። ትንሽ ፈጠን ሲባል ይንሸራተታል፤ ኩርባ ላይማ ጭራሽ ጀርባውን ይሰጠኛል።»

«እስከ ዛሬ የታገሥሽውም አንቺ ስለሆንሽ ነው» አለ ወንድሟ። «እኔ ብሆን ገና ዱሮ አውጥቼ ወርውሬው ነበር።»

«ለስላሳውን አገኘኸው?»

«አገኘሁት። ትናንት ነካካሁት፤ ሊጥ በይው። ጫን ስትይው እሺ ይላል፣ ስትለቂው ይመለሳል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አሮጌውን አውጥተን እሱን እናስገባለን።»

«ሰውዬው እንዳይሰማ ብቻ።»

«ማን፣ ጋሼ? አፉ ሁልጊዜ ክፍት፣ ጆሮው ሁልጊዜ ዝግ፤ በምኑ ይሰማል!»

እህትና ወንድም ሳቁ። ጎሚስታው ደረጃው አናት ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ሌላውን ተክሎ ቀረ። የተመለሰው መነጽሩን ረስቶ ነበር። መነጽሩ ከስፌት ክፍሉ በር አጠገብ ካለችው ኮመዲኖ ላይ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ያየዋል፤ ግን እጁን ቢዘረጋ ወለሉ ይንቋቋል፣ ወለሉ ቢንቋቋ ሳቁ ይቆማል፣ ሳቁ ከቆመ ደግሞ ሦስቱም ፊት ለፊት መተያየት ሊኖርባቸው ነው። እንዲህ ያለው ነገር በባዶ ሆድ አይቻልም። ስለዚህ ሲያስነጥስ እንኳ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የሚሰማው ሰውዬ፣ መቶ ኪሎ ገላውን እንደ ድመት አቅልሎ አሥራ አራቱን ደረጃ ወደ ኋላው ወረደ። መነጽሩ እዚያው ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን በጎሚስታ ቤት የጎማ ወሬ መስማት በዳቦ ቤት የዱቄት ወሬ እንደ መስማት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ችግሩ በዚያ ሰፈር «አሮጌ ጎማ» ማለት ጎማ አይደለም፤ ሰው ነው። ሰውዬውም እሱ ነው። ስሙን ሌላ ሰው አውጥቶለት ቢሆን እንኳ ሰድቦ ባረፈ፤ ግን ያወጣው ራሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጢም ያላበቀለ ሾፌር «ጋሼ፣ አርጅተሃል፣ ለልጆች ልቀቅ» ቢለው፣ ወገቡን ይዞ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ «ስማ አንተ! አዲስ ጎማ ያብረቀርቃል እንጂ መንገዱን የሚያውቀው አሮጌ ጎማ ነው!» አለው። ንግግሩ ሰፈሩን አሳቀ፤ ሳምንት ሳይሞላ የአውቶቡስ ሾፌሮቹም፣ ፖስተኛውም፣ የሚስቱ ደንበኞችም «ጋሽ አሮጌ ጎማ» ይሉት ጀመር። እሱም ኮራ። እሱ ሲያወራው ደግሞ ሾፌሩ አንድ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ሆነው ከብበውት ነበር፤ ከመካከላቸውም ሦስቱ አልቅሰዋል።

ቤቱ የአማቱ ነበር። ሽማግሌው ሲያርፉ ለሴት ልጃቸውና ለወንድ ልጃቸው ተውት፤ ፎቁ ላይ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ሰዓት ጠጋኙ ወንድሟ ይኖራል፣ ከታች መንገዱ ዳር የእሱ ጎማ ቤት ነው። እሱ ይዞ የገባው አንድ ክሪክና አንድ አፍ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ማንም አንሥቶበት አያውቅም። ዛሬ ግን የአንዲት ቀይ መኪና ጎማ እየፈታ «እህትና ወንድም ከተስማሙ ባል ምንድን ነው? ትርፍ ጎማ ነው፤ ተፈትቶ ይወርዳል» አለ ለራሱ። «አውጥተን» ያሉት ቃል ጆሮው ውስጥ ሚስማር ሆነ። እሺ፣ እሱን አወጡት እንበል። የሚያስገቡት ማንን ነው? ለስላሳው ማነው? ለመሆኑ ወንድም ተብዬው፣ ለእህቱ ባል ሊያጭ ሄዶ እንደ ሐብሐብ እየነካካ ነው የሚመርጠው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጎሚስታው እንዳይመነጠር ቁጭ ብሎ ያለፉትን ወራት ይፈታትሽ ጀመር፤ በፈታተሸ ቁጥርም እንደ ተበሳ ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከየቦታው አረፋ ይወጣለት ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ትወጣለች። አንዴ ቁልፍ ልገዛ፣ አንዴ ደንበኛ ልለካ፣ አንዴ የእግር መንገድ ሐኪም አዞኝ። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ወጥ ቤት ብቻዋን እየሳቀች ድስት ታጥባለች። ወንድሟ አብሯት ሲወጣ በብብቱ የጫማ ካርቶን ይይዛል፤ ጫማው ግን ያው የዛሬ አራት ዓመቱ ነው። ከመታጠቢያ ቤት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠፋ ነው። የጥርስ ብሩሽ የሚሰረቀው ለማነው? ከቤት ውጭ ለሚያድር ሰው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሽታው ነበር። ሚስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ማስቲሽ ትሸታለች።

የጎሚስታ ሚስት ማስቲሽ ብትሸት ምን ይገርማል የሚል ጎማ ለጥፎ የማያውቅ ነው። የእሱ ማስቲሽ የሚሸተው ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ ሠላሳ ዓመት አሽትቶታል፣ ተኝቶም ይለየዋል። ሚስቱ ጣት ላይ ያለው ግን ሙዝ ሙዝ ይላል። የሌላ ሰው ማስቲሽ ነው! ከዚህ በኋላማ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል? ሴትዮዋ ሌላ ጎሚስታ ይዛለች። ሌላ ጎሚስታ ደግሞ በዚያ አካባቢ አንድ ብቻ ነው፤ አደባባዩ ጋ ያለው፣ አንድ ጎማ በቀየረ ቁጥር እጁን ታጥቦ ቅባት የሚቀባው፣ ሰፈሩ «ሎሽን» የሚለው። እጁ የሕፃን መቀመጫ ይመስላል። ለስላሳ!

ጎሚስታው የቀይዋን መኪና ባለቤት «ለፈተና ትቆይ፤ የዚህ ዓይነት ጎማ ካልተረጋጋ ይፈነዳል» ብሎ አሰናበተና የሌለውን ቫልቭ ሊበደር ወደ አደባባዩ ሄደ። መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። እሱ ዘጠኝ መቶ አደረገው፤ አንዴ ሊመታው፣ አንዴ ሊለምነው፣ አንዴ ንቆት ሊያልፍ እያሰበ ሦስት ጊዜ ተመልሷልና። በሎሽን ሱቅ ውስጥ ወለሉ ተጠርጓል፣ መሣሪያው በቁመት በቁመቱ ተሰቅሏል፣ ግድግዳው ላይ መስታወት አለ። ጎማ ቤት ውስጥ መስታወት!

«ውይ ጋሽ አሮጌ!» አለ ሎሽን ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ እንጂ።»

«መቀመጫስ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚቀመጥ ሰው ነው እንጂ። ቫልቭ አለህ?»

«ሞልቶ! እትዬ ደህና ናቸው?»

«የእኔ እትዬ ደህና መሆን አለመሆን አንተን ለምን ያሳስብሃል?»

ሎሽን ሳቅ ሊል ጀምሮ ተወው። «እንዲያው ሰላምታ ነው ጋሼ።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሸሸ፤ ጎሚስታው ዓይኑን ተከተለው። መነጽር ባይኖረውም አፍንጫው አልተረሳም፤ ጠረጴዛው ላይ ጣት የምታህል ቱቦ ነበረች፤ ሙዝ ሙዝ ትላለች።

«ይቺ ምንድን ነች?»

«ማስቲሽ ነቻ። ለቀጭን ሥራ።»

«የምን ቀጭን ሥራ? ቀጭን ጎማ አለ እንዴ?»

«እንዲያው…» አለ ሎሽን እጁን እያሻሸ፤ «ቀጭን ሥራ ነው ጋሼ። እትዬን ይጠይቋቸው።»

እትዬን ይጠይቋቸው! ጎሚስታው ቫልቩን ሳይቀበል ወጣ። አንድ ሰው ሚስትህን ጠይቃት ብሎ የሚልክህ ከሆነ፣ መልሱን ያውቀዋል ማለት ነው። ወደ ሱቁ ሲመለስ ሦስት ሰዎች ሰላም ብለውት ሦስቱም የሚያዝኑለት መሰለው፤ ፖስተኛውማ ኮፍያውን እንደ ቀብር ሰው አወለቀ። (ሙቀት ስለ ነበር ነው። ግን በዚያ ሰዓት ይህን ማን ያስረዳዋል?)

ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱም ክብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ሩዝና ድንች ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጎሚስታው ሹካ ሳያነሣ በፊት ስለ ጠዋቱ ሥራ አንድ ታሪክ ይዘረጋል፤ ታሪኩም ውስጥ ጎማው ይተልቃል፣ ባለመኪናው ሚኒስትር ይሆናል፣ ድንቹ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ዝም አለ። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነገር መስሎ ነበር፤ ሰዓት ጠጋኙ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ሩዝ ጨመረ። ቀስ በቀስ ግን ክፍሉ ውስጥ እንደ እንግዳ ሰው ተቀመጠ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፣ ሹካው ከሳህኑ ጋር ሲነካካ ይሰማል፣ ወንድሟ ሲውጥ ይሰማል። ሚስቱ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያሻሸች ነጭ ክር መወደዱን አወራች፤ የአንድ ጥቅል ዋጋ ባንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል አለች፤ ወንድሟም የሰዓት ባትሪ ከዚያ የባሰ ነው አለ። ጎሚስታው ስትናገር የቀኝ እጇን ሌባ ጣት አየ። ጣቷ ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች፤ ታጠፍ ትልና ትለቃለች፣ ታጠፍ ትልና ትለቃለች፤ የማይታይ ነገር እንደምትስብ። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ጎማ አለ።

«ዛሬ ከሰዓት ወጣ ብዬ እመለሳለሁ» አለች።

«የት?»

«ክር ልገዛ።»

«ተወዷል አላልሽም?»

«ሳይብስበት ልግዛ ብዬ ነዋ።»

ወንድሟን ሩዝ ትን አለው። ጎሚስታው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት፤ ትንሽ ጠንከር አድርጎ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ያ ጎማ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ተዘጋ። ይህ ከተማው ከተቆረቆረ ጀምሮ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። እህትና ወንድም ከፊት ይሄዳሉ፤ እሷ ቢጫ ሻሽ አስራለች፣ እሱ የጫማ ካርቶኑን ታቅፏል። ጎሚስታው ከኋላ፣ አንዴ በግንድ፣ አንዴ በጋዜጣ ሻጭ ተከልሎ ይከተላል። መነጽር የሌለው ሰላይ ግን ሥራው ከባድ ነው፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሁለት ቢጫ ሻሽ ሆኑበትና የተሳሳተውን ተከትሎ መድኃኒት ቤት ገባ። ዞር ስትል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። «ምን ልርዳህ ልጄ?» አሉት። «ራስ ምታት አለብኝ» አለ፤ እውነትም ነበር። ሲወጣ ሁለቱ ወደ ገበያው ሕንፃ ሲታጠፉ ለጥቂት ደረሰባቸው። ክር ሻጩ ከሕንፃው ምድር ቤት ነው፤ እነሱ ግን ወደ ላይ ወጡ። እሱም በመኪና መውጫው ጠመዝማዛ በኩል አምስት ፎቅ በእግሩ ወጣ፤ በየፎቁም ለሎሽን የሚናገረውን አዘጋጀ፤ አራተኛው ላይ ትንፋሹ ስላለቀ ንግግሩን ወደ ሁለት ቃል አሳጠረው።

አናቱ ላይ ጣሪያ የሌለው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ነው። ከሩቅ የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። ሃያ የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች ቆመዋል፤ ከፊታቸው ሲሚንቶው ላይ በኖራ መንገድ ተሰምሯል፤ በመንገዱ ላይ ከጫማ የማይበልጡ መኪናዎች እየጮኹ ይበራሉ። ሰዎቹ ሪሞት ይዘዋል። ሎሽን በጉልበቱ ተንበርክኮ አንዲት ሰማያዊ መኪና ያሻሻል። ሚስቱ፣ ኮሌታ ተጣመመብኝ ብላ ሌሊት የምትቃዠው ሚስቱ፣ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ቆማ፣ ሪሞቱን ከደረቷ አስጠግታ ጣቷን ታፍታታለች። ወንድሟ ካርቶኑን ከፍቶ አንዲት አረንጓዴ መኪና አወጣ፤ በጠፋው የጥርስ ብሩሽ አቧራዋን አራገፈ፤ ከመኪናዋ ላይ አራት ከእንቁላል የማይበልጡ ጎማዎች ፈታና ወረወራቸው። «በቃህ አሮጌ!» አለ።

ጎሚስታው መጀመሪያ የተሰማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ታንከሩ ውስጥ ገብቶ የመጥለቅ ፍላጎት ነው። ሳቁ መጣበት፣ እፎይታውም መጣ፤ ሚስቱ ሚስቱ ናት፣ ቤቱ ቤቱ ነው፣ ማንም ማንንም አያወጣም። ነገር ግን ሳቁ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰዎቹ ሁሉ ሚስቱን በደንብ ያውቋታል። «እትዬ፣ ዛሬስ ይምሩን» ይላታል አንዱ፤ «ባለፈው ያደረጉኝን አልረሳሁም» ይላታል ሌላው፤ እሷም እሱ ሰምቶት በማያውቅ የፌዝ ድምፅ ትመልሳለች። ይህ የአንድ ቀን ጨዋታ አይደለም። ዓመት አልፎታል። እሱን ከቤት ሊያወጡት ነው ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አሁን ያየው ግን ሳያውቀው በሩ ውጭ ቆሞ መክረሙን ነው።

«ጋሽ አሮጌ!» አለ ሎሽን ቀና ብሎ። «እሰይ! በስተመጨረሻ ነገሩዎት?»

ሃያው ሰው ዞረ። ሚስቱ ከሣጥኑ ላይ ልትወርድ ብላ ተወችው። ወንድሟ ሊገጥመው ያነሣውን ለስላሳ ጎማ በጥርሱ እንደ ነከሰ ቀረ።

«አልነገሩኝም» አለ ጎሚስታው። ወደ ሚስቱ ቀርቦ፣ በዕድሜው አውጥቶት በማያውቅ ቀጭን ድምፅ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እዚህ አይደለም።»

«የት ነው ታዲያ? ክር ቤት?»

ዙሪያዋን አይታ ከሣጥኑ ወረደችና ወደ ታንከሩ ጥላ ወሰደችው። «ስማኝ» አለች። «ለዳኛው ካፖርት ስሰፋለት፣ ጨርቁን የመረጥከው አንተ ሆንክ። እናቴ ታምማ ስትድን፣ ሐኪሙ ያላየውን ያየኸው አንተ ሆንክ። ከደረጃ ወድቄ እግሬ ሲሰበር እንኳ፣ አምላኬ፣ ሰው ልጠይቅ ብሎ ሲመጣ የወደቅከው አንተ ነበርክ! ይህን ብነግርህ በማግስቱ ያስተማርከኝ አንተ ትሆን ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ለራሴ ይኑረኝ ብዬ ነው።»

ጎሚስታው መልስ ፈለገ። ብዙ ነበረው፤ ግን አንዱም እውነት አልነበረም። ፊሽካ የያዘው ጡረተኛ አስተማሪ «መጀመሪያ ዙር!» ብሎ ጮኸና እሷ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች።

አረንጓዴዋ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተነሣች። ቀጥታው ላይ ማን ይደርስባታል! ሴትዮዋ ጣቷን የምትጫነው የስፌት መኪናዋን እንደምትረግጥ ነበር፤ ቀጥታው ላይ ለቀቅ፣ ኩርባው ሲቃረብ እንደ እጅጌ ዙሪያ ቀስ። ግን ኩርባው ላይ መኪናዋ በቅቤ ላይ እንደ ወጣች ቂጧን ወርውራ ዞረች። ሁለተኛው ኩርባ ላይም ዞረች። ሦስተኛው ላይ ከግንቡ ጋር ተጋጭታ በጀርባዋ ተኛች፤ አራቱ አዲስ ጎማዎች ወደ ሰማይ እየተሽከረከሩ። ከአሮጌው የባሰ ነው! ወንድሟ ሮጦ አነሣት። «ለስላሳ ነው እኮ!» ይላል፤ «ሊጥ ነው እኮ! ባትሪውን ወደ ፊት ላምጣው? የኋላ ስፕሪንጉን ላላላው?» እሷ ከንፈሯን ነክሳ «ጊዜ የለም፣ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን» ትላለች። ስፕሪንጉን ባለፈው ሳምንት አላልተውታል፣ ባትሪውንም ባለፈው ወር አዛውረውታል፤ ዛሬ ካላለፈች ለዓመቱ የመጨረሻ ውድድር አትገባም።

ጎሚስታው ያውቀዋል። ሲሽከረከር ሳለ፣ ያለ መነጽር፣ ከአሥር እርምጃ ላይ አውቆታል። አዲስ ጎማ ከተሠራበት ቅርጽ ሲወጣ ሰም የመሰለ ቆዳ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ያ ቆዳ እስኪላጥ ድረስ እንኳን ሲሚንቶ ሬንጅም አይነክስም። ትልቁም ጎማ እንደዚያው ነው፤ ለስንቱ ሾፌር «መቶ ኪሎ ሜትር እስክትሄድ ፍጥነት እንዳታበዛ» እያለ አስጠንቅቋል። ሎሽንም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው አጎንብሶ የራሱን ጎማዎች ዝም ብሎ የሚያሻሸው፤ ተወዳዳሪዋ ነውና አይነግራትም። ሃያው ሰው ወደ ጎሚስታው ይመለከታል፤ እሱን የማያውቅ የለም፣ አሁን የሚጀምረውን ንግግር እየጠበቀ ነው። ንግግሩም አፉ ውስጥ ደርሷል። ወገቡን መያዝ ብቻ ነው የቀረው።

አልያዘም። ጉልበቱ እየተንቋቋ ሚስቱ አጠገብ ቁጢጥ አለና በሹክሹክታ «ልንካው?» አላት።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ነገር አስፈቅዷት ነክቶ አያውቅም። በጥርጣሬ አየችው። «ሳትናገር?»

«ሳልናገር።»

«ምንም?»

«ምንም።»

መኪናዋን ሰጠችው። ካላማዳሪያ ከመለጠፉ በፊት የሚፍቅበት ብርጭቆ ወረቀት ከኪሱ አይለይም፤ አወጣና ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ፋቀ፤ ብርቅርቃቸው ጠፍቶ እንደ በግ ምላስ እስኪሻክሩ። ከዚያ በቤንዚን በራሰው ጨርቁ ጠረጋቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሟ አንገቱን አስግጎ አየ፤ «እና ባትሪውስ?» አለ። ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ። ለሚስቱ መለሰላትና ወደ ታንከሩ ሄዶ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አረንጓዴዋ ኩርባውን ሲሚንቶው ላይ እንደ ተሰፋች ዞረች። አልተንቀጠቀጠችም፤ ጀርባዋንም አልሰጠች። የሎሽን ሰማያዊ በውስጥ በኩል ሊገባ ሲሞክር መንገዱን ጣቷ ቀድማ ዘጋችበት፤ ይህን ያደረገችው እሷ ናት፣ ብርጭቆ ወረቀት አይደለም፤ ጎሚስታው ይህን በደንብ አየ። የጥርስ ሐኪም ረዳት የሆነች አንዲት ልጅ አንደኛ ወጣች፤ ሚስቱ በአንድ ስንዝር ሁለተኛ። ሁለተኛም ታልፋለች። ሃያው ሰው ሲያጨበጭብ ሴትዮዋ ሣጥኑ ላይ እንደ ቆመች ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ እሱ ይህን ፊት ያየው ከሠርጋቸው ቀን በፊት ነበር፣ ከሠርጋቸው በኋላ አይደለም።

«ጋሽ አሮጌ» አለ ሎሽን መጥቶ፤ «ምን አደረጉላት?»

«እኔ?» አለ ጎሚስታው። «አቧራ ጠረግሁ።»

ሦስቱም ወደ ቤት አመሩ። ወንድሟ ካርቶኑን ታቅፎ በመካከላቸው ይሄዳል፤ እሷ በወንድሟ ደረት በኩል ሰርቃ ባሏን ታየዋለች። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ «ምን አስበሃል?» አለችው። «ምንም» አለ። መድኃኒት ቤቱ ጋ «ለማን ልትነግር ነው?» አለችው። «ምኑን?» አለ። እሷ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ፊቷ ጠቆረ፤ ከዚህ ሰው አፍ ዝምታ ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው ትልቅ ነገር መሆን አለበት።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጎማ ቤቱን እንደገና ከፈተ። ቀይዋ መኪና አንድ እግሯ በክሪክ ተነሥቶ እንደ ቆመች ናት። አንድ የታክሲ ሾፌር፣ የዘወትር ደንበኛው፣ ንፋስ ሊያስሞላ ገባና ባዶ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ በዘጠኝ ሰዓት መጥቼ ዝግ ነው! ቅዳሜ! ሰው ሞተ ብዬ ሰፈሩን ስጠይቅ ዋልኩ። የት ገብተህ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከላይ ደረጃውን ሲወርድ የነበረ የሚስቱ የእግር ኮቴ ቆመ። አራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ጎሚስታው በድምፁ ያውቀዋል። አፉ ውስጥ አምስቱ ፎቅ አሥራ አምስት ሆኗል፤ ሃያው ሰው ሁለት ሺህ ሆኗል፤ ሁለተኛነት የሚባል ነገር ከመጀመሪያው አልነበረም፤ አረንጓዴዋ መኪና በግንቡ ላይ ሄዳለች፤ ብርጭቆ ወረቀቱን የያዘው እጅማ የማን እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም ከጥርሱ ጀርባ ተሰልፈው ይገፋፋሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ በሰው ዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው።

«ተኛሁ» አለ።

ሾፌሩ ጠበቀ። ከዚህ ሰው በአንድ ቃል የተላቀቀ ደንበኛ እስከ ዛሬ የለም። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነቃሁ።»

«ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

ጎሚስታው የንፋሱን ቱቦ አንሥቶ አጎነበሰ። ደረጃው ላይ ያለችው እግር ወደ ላይም አልወጣች፣ ወደ ታችም አልወረደች፤ ቆማ ታዳምጣለች፤ ቀሪው ሲወጣ ልትሰማ ነው። ትጠራጠር፣ አለ በልቡ ንፋሱን እየሞላ። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠረጥር ውሏል፤ ማታው የእሷ ነው።